ቅጹም ግጥሜም ያልሰሟት ሴት

ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር ያደረግሁትን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

የበልግ ዝናብ ሳይዘንብ የቀረበት ጊዜ ነበር። ሥራ ፈትቼ ግጥም ስሞነጫጭር፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች መጠይቅ የሚያስሞላ የአገር ልጅ ፈለጉና ተቀጠርሁ። ሁለቱ ግን አይስማሙም። ሰውየው፣ ራሱን ፖዚቲቪስት የሚለው፣ የሰው ኑሮም እንደ ዝናብ ይለካል ባይ ነው። "አንተ መስፈሪያ ነህ። በመለሱልህ ላይ ምልክት አድርግ፤ ከራስህ አትጨምር" ይለኛል። ሴቷ ባልደረባው ሻይዋን እያማሰለች፣ "ሰው ዝናብ አይደለም፤ ሲጠይቁት ይለወጣል። መያዝ ያለብን በመልሱ ምን ማለት እንደፈለገ ነው" ትላለች።

"እሺ፣ አንቺ አንድ ቤት ገብተሽ ዓመት ተቀመጪ፤ እኛ ወረዳውን እንጨርሳለን" ብሎ ይስቅባታል።

እኔ በልቤ ከእሷ ጋር ነበርሁ። ገጣሚ ነኛ።

እዚያች መንደር አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ ልጃቸውን በዓይን ጠቀሷት። ልጅቱ በጓሮ ወጥታ በነጠላ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ተመለሰች፤ የገብስ ቂጣ ነው። ከጎረቤት እንደመጣ ገባኝ፤ የኔም እናት እንግዳ ሲደርስባት እንዲሁ ታደርጋለች። ጥጉ ላይ በቆመው የእህል ጎታ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። እህል ባለበት ጎታ ዶሮ አትታቀፍም።

"አብሽር ልጄ፣ ብላ በሞቴ" አሉኝ።

እየበላሁ ጠየቅኋቸው፤ "ባለፈው ወር ቤተሰቡ የሚበላ ያጣበት ቀን ነበር?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎሎን።"

"የለም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እንግዳ ፊት ችግር እንደማይነገር፣ እዚያው አገር ተወልጄ፣ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ግን መስፈሪያ ነህ ተብያለሁ፤ ከምሳ በፊትም አራት ቤት ይቀረኛል። በልቤ ከተመራማሪዋ ጋር ነኝ ስል የኖርሁት ሰው፣ ሲመቸኝ ወደ ሰውየው ዞርሁ።

ከዚያ ስለ ዶሮዋ ግጥም ጻፍሁ። ባዶ ጎታ ውስጥ የተኛች ዶሮ፣ አጠገቧ ዝም ያለች እናት። ለተመራማሪዋ ሳነብላት "ይኸው፣ ቅጹ ያላየውን አየህ" አለችኝ፤ ደስ አለኝ። በዓመቱ አንድ እሑድ ከሰዓት በከተማችን አዳራሽ አነበብሁት፤ ጥሩ ተጨበጨበልኝ።

ስወጣ አንዲት ተማሪ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሳህኑን ያመጣችው ልጅ ናት፤ አሁን ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ትምህርት ሲዘጋ እናቷ ጋ ትመለሳለች።

"ዶሮዋን በደንብ አይተሃታል" አለችኝ። "እኔንስ፣ ሳህን ይዤ ስገባ?"

"አይቼሻለሁ።"

"ወረቀቱ ላይ ምን ብለህ ጻፍህ?"

"አልተቸገሩም ብዬ።"

ነጠላዋን አስተካከለች። "ግጥሙ ላይ ደግሞ ዝም አለች ትላለህ። እናቴ መቼ ዝም አለች?"

እስካሁን ለማንም ያልነገርሁት ይህን ነው። ያን ቀን እናትየዋ ሊሸኙኝ ተከትለውኝ ወጥተው ነበር። አጥሩን ካለፍን፣ እንግድነቴም ካበቃ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ያችን የምግቧን ጥያቄ እስቲ ድገማት" አሉኝ። ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። "አልቋል እትዬ፣ ይበቃል" ብዬ ወደሚቀጥለው ቤት አለፍሁ። ቅጹን ላለማበላሸት ልመናቸውን አንዴ ተውሁት። ግጥሙን ስጽፍ ደግሞ ዝምታው ስለሚያምር ለሁለተኛ ጊዜ ተውሁት።

በተመራማሪዎቹ ማመካኘት ሞክሬአለሁ፤ አልሆነልኝም። ሰውየው፣ ድገም ስትባል አትድገም አላለኝም። ሴቷም ሊናገር የፈለገን ሰው ዝም አሰኝ አላለችኝም። ሁለቱም ቢያንስ እናትየዋን እንድሰማ ነበር የላኩኝ።

"ጥያቄዋን ልደግምላቸው ብመጣስ?" አልኋት፤ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ።

"ከመጣህ ከአጥሩ ውጭ ቆመህ አስጠራት" አለችኝ። "ቤት ከገባህ መልሳ ቂጣ ፍለጋ ትልከኛለች።"