ለሐኪም አሳያለሁ

ፖሊስ ጣቢያው ፍተሻ ላይ ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልኝ። ተረኛው ፖሊስ ግን ከከረጢቶቼ አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የሽንት ከረጢት ነው፣ ወንድሜ። ሆዴ ላይ የሚለጠፍ። ያለሱ መዋል አልችልም።»

«ላስቲክ ወደ ውስጥ አይገባም።»

ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው። ሆዴ ላይ በተለጠፈው አንድ ከረጢት ብቻ ገባሁ።

የተያዝኩት በሰፈር ስብሰባ ላይ ስለተናገርኩ ነው። ጎፋ የምንኖርበት መንደር ሊፈርስ ነው ሲባል ተነሥቼ፣ «ክረምት ሳይገባ የት እንድንገባ ነው?» አልኩ። ይህ ሕዝብ ማነሣሣት ተባለ። ከዚያ በፊት የማውቀው ሥራዬን፣ ቤተ ክርስቲያኔንና የምታከምበትን ሆስፒታል ብቻ ነበር።

የሽንት ፊኛዬ በካንሰር ምክንያት ወጥቷል። ሐኪሞቹ ከአንጀቴ ቁራጭ ወስደው ለሽንቴ ሌላ መንገድ ሠሩለት፤ ከእምብርቴ በስተቀኝ ባለች ቀይ ቀዳዳ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ልያዘው ብል አይያዝም። ከረጢቱ ይቀበለዋል፣ ሲሞላ ይደፋል፣ በየጥቂት ቀኑም ይቀየራል። ከባለቤቴ በቀር ይህንን ያየ ዘመድ አልነበረኝም።

የታሰርኩባት የሴቶች ክፍል ጠባብ ነበረች። ግድግዳው ስንቱ ተደግፎት እንደኖረ እንጃ፣ ከትከሻ በታች በወዝ ጠቁሯል። በረኪናና ላብ ይሸታል። እግር መዘርጊያ ስለሌለ በጎን በጎናችን ተጠጋግተን ነው የምንተኛው።

ብዙም ሳይቆይ የከረጢቱ ማጣበቂያ ለቀቀ። ሽንቱ ከሥሩ እየሾለከ ቆዳዬን ላጠው፤ በርበሬ እንደነሰነሱበት ያቃጥለኝ ነበር። የባሰብኝ ግን ሽታው ነው።  አጠገቤ የምትተኛው ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ሐኪሞቹ ውሃ እንዳላጓድል ደጋግመው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የምኖረው ሰው መሀል ነው። ሲሰጡኝ፣ «ጾም ላይ ነኝ» እላለሁ።

ጾም ስል አከበሩኝ። ያላመኑኝ እማማ ብቻ ነበሩ። ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ የስልጤ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ሲፈለግ በሱ ምትክ የተያዙ።

«ልጄ፣ እኛም እንጾማለን» አሉኝ። «ወላሂ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ውሃ ይቀመሳል። ያንቺ ፀሐይ አትጠልቅም እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ፣ «እማማ ደግሞ! እኛን የሚፈታን ጠፍቶ እሷ ጾሟን ትፍታ?» አለች። እኔም ሳቅሁ። ውሃውን ግን አልተቀበልኩም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከረጢቱን ስዳስሰው ደረቅ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ተመስገን፣ ዛሬ አልሸትም አልኩ። ከቀትር በኋላ ግራ ጎኔን ከበስተኋላ ወጋኝ፤ ቀጥሎ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጠኝ። እማማ ግንባሬን ነክተው፣ «እሳት ሆናለች!» አሉ። የሆነውን በጆሯቸው ነገርኳቸው።  ተነሥተው የብረቱን በር በቡጢ ይደበድቡት ጀመር።

ያው ከረጢቶቼን የወሰደው ፖሊስ መጥቶ ከፈተ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ሽንቷ ቆሟል። ትሞትብሃለች።»

«የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲደርስ ሁሉም ይታመማል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ነይ ውጪና አሳዪኝ። ካየሁ መኪና እጠራለሁ።»

ከጀርባው ኮሪደሩ ላይ ለሽንት ቤት የወጡ ወንዶች ተሰልፈው ቆመዋል። እነሱ ፊት ቀሚሴን ግለጪ ማለቱ ነው። ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ።

«ለሐኪም አሳያለሁ» አልኩት። «ለአንተ አላሳይም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

በሩን ሊመልሰው ሲል እማማ እግራቸውን ደፉ ላይ አደረጉ።

«ሴት ጥራ! ሴት የላችሁም?»

ያቺ ፊቷን ያዞረችው ልጅ ከሁሉ ቀድማ ተነሣችና ነጠላዋን ዘረጋች። ሌላዋ አንሶላ፣ ሌላዋ ብርድ ልብስ። ጫፍና ጫፉን ተያይዘው፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ቆሙ። ፖሊሱ አንዴ እነሱን፣ አንዴ የእማማን እግር አየና ወደ ኮሪደሩ ተጣራ።

የመጣችው ሴት ፖሊስ ገና ወጣት ናት። እያጉረመረመች ገባች። ከነጠላው ጀርባ ስትደርስ ቀሚሴን ራሴ ገለጥኩላት። የተላጠውን ቆዳ፣ የደረቀውን ከረጢት አየች። ማጉረምረሟን አቆመች። ከዚያ የቀሚሴን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ቀስ ብላ ወደ ታች መለሰችልኝ።

«መኪና ጥራ» አለች።

«ምን አለባት?»

«አየሁ እኮ! ጥራ!»

ከረጢቶቼን ከመሳቢያው ራሷ አውጥታ አስያዘችኝ። ካቴናው ሲመጣ እጄን ሰጠሁ። በተሰለፉት ወንዶች ፊት በእግሬ አለፍኩ፤ ቀሚሴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወርዷል።

ሆስፒታል ቱቦ ሲያስገቡልኝ መጀመሪያ የወጣው ወፍራም ዝልግልግ ነው፤ ከኋላው መግል። ውሃ በማነሱ መንገዱ ተደፍኗል፣ ኢንፌክሽኑም ኩላሊት ደርሷል አሉኝ። ሐኪሙ፣ «ትንሽ ብትዘገዪ…» ብሎ ቀሪውን ተወው። ወደዚያ ክፍል አልመለሱኝም፤ ከወራት በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። እነዚያን ሴቶች ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ዛሬ የምኖረው ሩቅ አገር፣ ቋንቋቸውን በቅጡ ካልለመድኩት ሕዝብ መሀል ነው። ግራ ኩላሊቴ ደክሟል። እሑድ እሑድ ግን ከጥቂት የአገሬ ልጆች ጋር እናመልካለን፤ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስም፣ «ጌታ ከእስር ቤት እንዴት እንዳወጣሽ ንገሪን» ይሉኛል። የሚጠብቁት የብረት በር በራሱ ሲከፈት፣ ሰንሰለት ከእጅ ሲወድቅ ነው። እኔም በልጅነቴ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተማርኩት እሱን ነው።

እኔ ግን አንዲት ሙስሊም እናት በር እንደደበደቡልኝ፣ ሴቶች አንሶላ ይዘው እንደቆሙልኝ እነግራቸዋለሁ። አሜን የሚሉበት ቦታ ይጠፋባቸዋል። አልቸኩልም። እስኪያገኙት ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።