ለፀጉራሞቹ ባንድ ይቅርታ፣ እንጅባራ ድረስ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ገና በወጉ አልነጋለትም። ረዳቱ ግን "ዳንግላ! ኮሶበር! የሞላ! የሞላ!" እያለ ይጮኻል፤ ኮሶበር የሚላት እንጅባራን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለነው። ጋቢና ገብቼ ቦርሳዬን ታቀፍኩ። ቦርሳው ውስጥ የክት ቀሚስ፣ ነጠላ፣ እና ከጋዜጣ የተቀደደ የገዛ ራሴ ጽሑፍ አለ። የምሄደው ሠርግ ነው፤ ግን እንደ ተከሳሽ ነው የምሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር በዚሁ ዓምድ ላይ ስለ አንድ የፈረንጅ ሮክ ባንድ ጽፌ ነበር። ስማቸውን አልጠራም። ስታዲየም የሚሞላላቸው፣ አንድ ዘፈናቸውን የማያውቅ ሰው እንኳ ካናቴራቸውን የሚለብስላቸው፣ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የተዘናፈለው ሰዎች ናቸው። "ጩኸት ነው፤ ዝናቸው ከሙዚቃቸው ይበልጣል" ብዬ ድምጥማጣቸውን አጠፋሁት። በሳምንቱ ከእንጅባራ ስልክ ተደወለ።

"ልጄ፣ አየነው እባላለሁ። የድሮ የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነኝ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቅዳሜ ልጄን ብርቱካንን እድራለሁ። ያንቺን ጽሑፍ አንብባ፣ 'ጋዜጣው ሳይቀር ጩኸት ነው ብሏል' ብላ ጊታሬን ከሠርጓ አስወጣችው። እኔ የምጫወተው ከፀጉራሞቹ የተማርኩትን ነዋ! እስቲ ነይና ስሚ። ከሰማሽ በኋላም ጩኸት ነው ካልሽ፣ አርፌ እቀመጣለሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ ፈረንጅ ሰደብኩ እንጂ የማንንም አባት አልነካሁም ብዬ ነበር እኮ!

ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ዳንግላ

የጥር ፀሐይ፣ ባሕር ዛፍ፣ የጤፍ ክምር፣ መንገዱን እንደ ግቢያቸው የሚያቋርጡ በጎች። ሾፌራችን ፍላሽ ሲሰካ ከድምፅ ማጉያው ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ፀጉራሞቹ!

"እባክህ ቀንስልኝ" አልኩት።

"ራስሽን አመመሽ?"

"አዎ" ብዬ ዋሸሁ።

ዳንግላ ወርደን ትኩስ ፍርፍር በላን። ሾፌሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

"የጋሽ አየነው ልጅ ሠርግ።"

"የባለ ጊታሩ? በይ ታድለሻል! እኔም ስዳር እሱ ነው የተጫወተልኝ። ሚስቴ እስካሁን ታነሳዋለች።"

ጊታሩን ያስወጣሁት እኔ መሆኔ እንዳያመልጠኝ አፌን በፍርፍር ሞላሁት።

3 ሰዓት ተኩል፣ እንጅባራ

አዲስ ቅዳም ከተማን በከሰል ጆንያዎች መሀል አልፈን እንጅባራ ስንገባ ብርዱ ተቀበለኝ። በባጃጅ ቀርቀሃ አጥር ያለው ግቢ ደረስኩ። ድንኳን ተጥሏል፣ ድንች በጎላ ይቀቀላል፣ ሴቶቹ በአዊኛም በአማርኛም እየተቀባበሉ ይሳሳቃሉ። ጋሽ አየነው ነጭ በነጭ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣታቸው የማያርፍ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ…" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"አውቄሻለሁ። አጥፍተሽ የመጣሽ ትመስያለሽ" ብለው ሳቁ። "ግቢ፣ ቁጭ በይ።"

ካልጋቸው ሥር ቀይ ጊታር አወጡ። መጀመሪያ በቴፕ የፀጉራሞቹን ካሴት ከፈቱልኝ። ቀጥለው በስልካቸው እኔ የምወደውን፣ በየሠርጉ የምጨፍርበትን የኛን ዘፈን አሰሙኝ።

"ድምፃዊውን ተዪው። ከሥር ያለውን ስሚ።"

ሰማሁ። ወፍራሙ ክር ይረግጣል፣ ያርፋል፣ ተመልሶ ይረግጣል። ያው የፀጉራሞቹ ራሱ! ሌላ ዘፈን ከፈቱ፤ እዚያም አለ።

"ይኼንን ከካሴቱ ለቅሜ ክራር ለሚመቱት አስተማርኩ፤ እነሱ ደግሞ ለዳንግላና ለጫግኒ ልጆች። ማንም ከየት እንደመጣ አያውቅም። ልጄ፣ ሰዎቹን አትውደጃቸው፤ ግድ የለም። ግን ስትጨፍሪ የኖርሽው በእነሱ ነው፤ ክብራቸውን አትንፈጊያቸው።"

ሙሽራዋ ጋ ሄጄ ልለምንላቸው ተነሳሁ። ብርቱካን ፀጉሯን እየተሠራች ነበር። ስሜን ስትሰማ ደስ አላት፤ ዓምዴን ታነባለች። ስለ ጊታሩ ሳነሳ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ራስሽ ጽፈሽ ራስሽ ታማልጃለሽ? የሙሽራው ቤተሰቦች ይስቁበታል። አባቴ እንዲሳቅበት አልፈልግም" አለችኝ።

መልሷን ይዤ ስመለስ ጋሽ አየነው ጊታሩን አልጋው ሥር መለሱት።

8 ሰዓት፣ ድንኳኑ ደጃፍ

አዊ አገር ሙሽራ ያለ ፈረስ አትሸኝም። የሰፈሩ ፈረሰኞች በመርገፍ ባጌጡ ፈረሶች ተሰልፈዋል፤ ፊት መሪው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ሽማግሌ ፈረስ፣ ቦራ ነው። ብርቱካን እሱ ላይ ወጣች። ከባሕር ዳር የመጣው ኪቦርድ ተጫዋች የዘመኑን ምት ለቀቀው። እልልታው ቀለጠ።

ቦራ ንቅንቅ አላለም። ልጓሙን ሳቡት፣ ጎኑን መቱት፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ መብላት ጀመረ! ሌሎቹም መሪያቸውን አይተው ግጦሹን ተያያዙት። የሙሽራው ሚዜዎች ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ብርቱካን ቬሏን እንዳጠለቀች ላብ አጠመቃት።

የፈረሰኞቹ አለቃ አቶ ፈንታሁን ተናደዱ። "እነዚህን ፈረሶች ሠርግ ያስለመድናቸው በአየነው ጊታር ነው! ሜዳው ላይ እሱ ይመታል፣ እነሱ ይረግጣሉ። ይኼንን ምንትስ የት ያውቁታል?"

ሁሉም ሙሽራዋን አየ። ብርቱካን ከኮርቻው ላይ ዞር ብላ አባቷን ፈለገች፤ ጥግ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

"አባዬ" አለች፣ "ጊታርዎን ያምጡልኝ።"

እኔ ነኝ ሮጬ ያመጣሁት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ሳይለመን የራሱን ገመድ ነቅሎ ጊታሩን ሞንታርቦው ላይ ሰካላቸው። ጋሽ አየነው ወፍራሙን ክር አንዴ ረገጡት፣ አሳረፉት፣ ደግመው ረገጡት።

ቦራ አፉ ላይ ቄጠማ እንደተንጠለጠለ ቀና አለ። ጆሮውን አቆመ፣ አንገቱን ቆለመመ፣ በሶምሶማ ወጣ። ሌሎቹ ተከተሉት። መሬቱ በአንድ ምት ይደበደባል፤ ሚዜዎቹ ጃኬታቸውን ጥለው ይዘላሉ። ብርቱካን ቬሏን ገልጣ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። በአጠገቤ ስታልፍ "ይኼንንም ጻፊው እንግዲህ!" ብላ ጮኸችብኝ። ጋሽ አየነው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

እሁድ፣ 3 ሰዓት፣ የመልስ መንገድ

ያው ሾፌር ነው። ገና ከከተማው ሳንወጣ ፍላሹን ሰካ፤ ፀጉራሞቹ ጀመሩ። ትናንት ራሴን አሞኝ እንደነበር ሾፌሩ አልረሳም።

"ልቀንስልሽ?"

"ኧረ ጨምርበት" አልኩት።