ቡራዩ ላይ የሳይድካሩን ቁልፍ ለምን ነቀልኩ

ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሰበታ

ሞተር ጥገናን ማንም ሳያስተምረኝ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የቻልኩት። ሰበታ ውስጥ ድምፁን ሰምቼ በሽታውን የማልነግራችሁ ሞተር የለም። ታዲያ ጎኑ ላይ የሰው መቀመጫ የተገጠመለት ሞተር፣ ሳይድካር የሚሉት፣ ከነአስጎብኚው ቡራዩና ሱሉልታን ያዞራል ሲባል እኔ ልቅር? ቦርጬ ተከራክሮ ተከራክሮ ገባ።

ሞተሩን የሚነዳው አስጎብኚ አቤል የልጄ እኩያ ነው። ፋብሪካ ባለፍን ቁጥር "ይሄ ፋብሪካ ነው ጋሼ" ይለኛል። በፋብሪካ ለተከበበ ለሰበታ ሰው።

3 ሰዓት፣ ገፈርሳ

የግድቡን ውሃ ፎቶ ለማንሳት አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመናል። ይህቺን ያዙልኝ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ቡራዩ

ደሜ የፈላው እዚህ ነው። የቀብር ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ አስከሬኑ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። በእኛ አገር በቅሎ ላይ ያለ ሰው እንኳ ለቀብር ይወርዳል። አቤል ክላክስ ያንባርቃል።

"አጥፋው።"

"ጋሼ፣ ፕሮግራማችን ላይ የለም። ምሳ ሱሉልታ ነው።"

"ለውሃ ፎቶ አንድ ሰዓት ቆመን የለም? ሞት በማን ፕሮግራም ላይ አለ?"

እጄን ዘርግቼ ቁልፉን ነቀልኩና ወረድኩ።

ሰዉ አልፎን ሲሄድ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ቀርተዋል፤ ጉልበታቸውን ይዘዋል። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገመቹ አጠገባቸው ቆመዋል።

"የሟች እህት ናቸው" አሉኝ። "ቤተክርስቲያኑ ዳገቱ ላይ ነው። የጠራነው መኪና መንገዱ ተዘግቶበት ቀረ። አፈር ሳይለብስ ካልደረሱ ወንድማቸውን አልሸኙም ማለት ነው።"

"እማማ፣ ይግቡ፤ የኔ ቦታ ነው።"

አቤል ተቆጣ። "ቦታው የደንበኛ ነው። ደንብ አለን።"

"ደንበኛው እኔ ነኝ። ቀብር ልሄድ ነው።"

ኦቦ ገመቹ ትከሻውን ያዙት። "ኢልመ ኮ" አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "እናትህ ቢሆኑስ?"

አቤል ለቁልፉ እጁን ዘረጋልኝ። ሰጠሁት፤ እኔ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። እማማ ዳገቱ ላይ የአቤልን ጎን ነካ አደረጉ። "ቀስ በል ልጄ፣ የዛሬው ቀብር አንድ ይበቃል።"

ስንደርስ አካፋ ተነስቷል። አንድ ሰው "እህታቸው መጡ" አለ፤ አካፋዎቹ ወረዱ። የመጀመሪያዋን ጭብጥ አፈር የጣሉት እማማ ናቸው።

7 ሰዓት፣ እዚያው

አቤል የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀኛል። "ጋሼ፣ አሁን ከወጣን ለምሳው እንደርሳለን።"

ይህን ሁሉ አይቶ ይህን አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

"አንተ ሂድ" አልኩት። ባዶውን መቀመጫ ጎኑ አድርጎ ወደ ሱሉልታ ወረደ። እኔ ከለቀስተኛው ጋር ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። እማማ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ንፍሮ አዘገኑኝ፣ ከዚያም ስለ ወንድማቸው ይነግሩኝ ጀመር።