ደላላው የጨመረልኝ ዘጠኝ ዓመት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰው በሚያማርርበት ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ትክክለኛ ዕድሜዬን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው የማላውቀው የሽንኩርት ገበሬ በመሆኑ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ዓረብ አገር ነበርኩ። በቤት ሠራተኝነት ጀምሬ በመጨረሻ ዶሃ ውስጥ የአንድ ሆቴል የጽዳት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ቤቱ የድርጅቱ፣ ትራንስፖርቱ የድርጅቱ፣ ሕክምናው የድርጅቱ፣ በዓመት አንዴ የአገር ቤት ትኬቱም የድርጅቱ ነበር። ደሞዜ ደግሞ የተባለው ያህል ሳይሸራረፍ እጄ ይገባል። ግብር ሲባል እኔ የማውቀው አባቴ ለመሬቱ የሚከፍለውን ብቻ ነበር።

አገሬ እንደገባሁ ሸዋ ሮቢት ላይ የተከፈተ አዲስ ሆቴል በዚያው ሥራ ቀጠረኝ። ደሞዙ ሲነገረኝ በዶሃው ልማዴ ይህን ለቤት ኪራይ፣ ይህን ለባጃጅ፣ ይህን ለአስቤዛ ብዬ ደልድዬ ጨረስኩ። ወሩ ሞልቶ የደሞዝ ወረቀቴን ሳይ ግን ግብርና ጡረታ ተቆርጦ የተነገረኝ ሌላ፣ የደረሰኝ ሌላ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ካለ ምግብም አይበላልኝም። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚገባውን ወረቀት ሳይቀር አነባለሁ። ስለዚህ የደሞዝ ወረቀቴን ይዤ ሒሳብ ክፍል ገባሁ።

የሒሳብ ሠራተኛው ዳዊት ይባላል፤ ትሑት ወጣት ነው። ጥግ ላይ ደግሞ ለሆቴሉ ሽንኩርት የሚያስረክቡ አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጋሼ እንድሪስ እንደሚባሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጥያቄዬን አከታተልኩት። ግብሩ የሚቆረጠው ለምንድን ነው? ደሞዝ ሲጨምር እሱም ይጨምራል? ከዚያ አንድ ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝ።

«ከደሞዜ ቀንሳችሁ ቤት ብትሰጡኝስ? ግብሩ አይቀልልኝም?» አልኩት።

«ቤቱም እንደ ገቢ ነው የሚቆጠረው እትዬ» አለኝ ሳቁን እየዋጠ።

ጡረታው ላይ ስንደርስ ነው የገረመኝ። ከእኔ ሰባት በመቶ ይቆረጣል፤ ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ አሥራ አንድ በመቶ ይጨምራል አለኝ። «ለእኔ? ሳረጅ እንድጦርበት?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። እዚያ ሳለሁ ወሬያችን ሁሉ ስለ ትኬትና ስለ ፈቃድ ነበር። ስለ እርጅናዬ ያሰበ አሠሪ አልገጠመኝም፤ እኔም ራሴ አላሰብኩበትም።

«ታዲያ የዶሃው ሃያ ስድስት ዓመትስ ይያዝልኛል?»

«እዚህ መዋጮ ስላልተከፈለበት አይያዝም። ከዚህ ወር ነው የሚጀምሩት።»

ከፋኝ። ቢሆንም «ይሁን፣ እንጀምር» አልኩት። ዳዊት ለጡረታ ምዝገባ የሚሞላውን የሕይወት ታሪክ ቅጽ አወጣ። ፓስፖርቴን ገልጦ ስሜን ጻፈ። የትውልድ ዘመኔ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ገታ አደረገ።

«እትዬ ዘሐራ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመትዎ ነው። ጡረታ የሚወጣው በስልሳ ነው። የሚቀርዎት ስምንት ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። በየወሩ ዕድሜ ልክ የሚከፈለውን አበል ለማግኘት ግን ቢያንስ አሥር ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ለእርስዎ የሚደርስዎት አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ ዳረጎት ነው።»

ያኔ ሽማግሌው ከጥጋቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ሃምሳ ሁለት? ወላሂ ይቺ ልጅ ሃምሳ ሁለት አይሆናትም!» አሉ። «ልጄ፣ እውነተኛው ዕድሜሽ ስንት ነው?»

እውነተኛው አርባ ሦስት ነው። ከአገር የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ አይኬድም ስለተባለ ደላላው ሃያ ስድስት ብሎ አስጻፈልኝ። ያኔ በእኛ ቀበሌ ዕድሜ ሳታስጨምር የሄደች ሴት ልጅ አላስታውስም። ወንጀል መሆኑም አልታየንም። የዓመት ቁጥር አንድ ቀን የሚያስፈልገን ነገር አልመሰለንም።

እውነቱን ብናገር ያልሆነ ፓስፖርት ይዛ ኖራለች ተብዬ ልከሰስ ነው? ሥራዬስ? ዝም ብል ደግሞ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ ማን ሊጦረኝ ነው? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ሽማግሌው የገባቸው መሰለኝ። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ።

«እኔም መንግሥት እርሻ የተቀጠርኩት አራት ዓመት ጨምሬ ነው» አሉ። «ልጅ ነህ እንዳይሉኝ ብዬ። ኋላ ማረሻ እንደ ላባ በሚቀለኝ ጊዜ ጡረታ ውጣ አሉኝ። አልደረስኩም ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? መጀመሪያ ስትቀጠሪ የተጻፈው ዕድሜ ነው የሚጸናው፣ በኋላ አይለወጥም። ልጄ፣ ቀለም ሳይነካው ተናገሪ!»

ተናገርኩ። ስለ ደላላውም፣ ስለ ዘጠኙ ዓመትም። ዳዊት እስክሪብቶውን ከደነው።

«ማስረጃ ካመጡ በእሱ እሞላለሁ። አንድ ሳምንት ልጠብቅዎት። ፓስፖርቱንም ግን ሄደው ማሳረም አለብዎት፤ እንዲሁ የሚተው ነገር አይደለም» አለኝ።

እናትና አባቴ ሞተዋል። በአገራችን ደግሞ የልደት ቀን ጽፎ የሚያስቀምጥ አልነበረም። ቀረኝ ያልኩት የተማርኩበት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በማግስቱ እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በማሽላው ማሳ መሐል በእግሬ ተወልጄ ባደግሁበት ቀወት ወዳለው ትምህርት ቤታችን ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነገሩን ስትሰማ የድሮዎቹን መዝገቦች አንድ በአንድ አወረደችልኝ። ግማሾቹን ምስጥ በልቷቸዋል። አንዱ በእጃችን ላይ ዱቄት ሆነ።

ሦስት ሰዓት ያህል ከፈለግን በኋላ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ዝርዝር ወጣ። ዳርና ዳሩ ተበልቷል፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን ይነበባል። ስሜም አለ። ከስሜ ትይዩ «ዕድሜ፦ 7» ይላል።

እያነበብኩ አለቀስኩ። ሴትዮዋ የሞተ ሰው ስም ያገኘሁ መስሏት «አይዞሽ» ትለኛለች። ወዲያው ደግሞ አመሌ መጣና የክፍል ጓደኞቼን ዕድሜ ሁሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

የመዝገቡን ቅጂ ማኅተም አስደርጌ፣ አጎቴንና ሁለት የመንደር ሽማግሌዎችን ለምስክርነት ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። የልደት ምስክር ወረቀት አወጣሁ። ሳምንቱ ሳይሞላ ዳዊት ቅጹ ላይ ትክክለኛውን የትውልድ ዘመን ጻፈ። እስከ ስልሳ ገና አሥራ ሰባት ዓመት አለኝ ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ፓስፖርቱን ለማሳረምም አመልክቻለሁ። ምልልሱ አላለቀም፤ ቅጣት ካለውም እቀበላለሁ።

አሁን የደሞዝ ወረቀቴን ሳይ አልከፋም። እንዲያውም በየወሩ የጡረታዋን መስመር ቀድሜ አነባታለሁ። ጋሼ እንድሪስን ሳገኛቸው ደግሞ ሽንኩርታቸውን አብሬ አስወርዳለሁ።

በዚህ ደስታዬ ዶሃ ለቀሩት ጓደኞቼ የድምፅ መልእክት ላክሁ። ስትመለሱ ፓስፖርታችሁን ለአሠሪ ከመስጠታችሁ በፊት የልጅነት ማስረጃችሁን ፈልጉ አልኳቸው። እውነተኛ ዕድሜያቸውን እየላኩ ተሳሳቁ። ሁላችንም እንደ ታላቅ እህት የምናከብራት ሴት ከሁላችንም ታናሽ ሆና ተገኘች።

በመጨረሻ የሐዋ መልእክት መጣ። አሥር ዓመት በአንድ ክፍል አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ ናት።

«እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም» ትላለች። «እናቴም በልጅነቴ ሞታለች። ደላላው ስንት ዓመትሽ ነው ሲለኝ አላውቅም አልኩት፤ ሃያ አምስት ብሎ ጻፈ። እስኪ አንቺ ነገር መጠየቅ ትወጃለሽ፤ የእኔን ማንን ልጠይቅ?»

መልእክቱን ደጋግሜ ሰማሁት። ልቤ ተሰበረ። ሁሉን ጠይቄ የማውቀው እኔ፣ እስካሁን ለሐዋ አልመለስኩላትም።