ከዜሮ በታች የሚሠራው አማች

ሥራው የሬዲዮ ሞገድ መለካት ነው። የማይታይ ነገር ሲያሳድድ ስለሚውል በመሥሪያ ቤቱ «አነፍናፊው» ይሉታል። አማቱ ግን ገና በሠርጉ ሦስተኛ ሳምንት ተስፋ ቆርጠውበት ነበር።

በዚያ ሳምንት እሑድ አማቱ ቤት ምሳ ላይ ስልኩ ጮኸ። አነሳና «ስንት አገኛችሁ? ነጌቲቭ ዘጠና ዴሲቤል? ግሩም ነው» ብሎ ዘጋ።

አማቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ለዜሮ ምሕረት የላቸውም።

«ከዜሮ በታች አምጥቶ ግሩም የሚባለው የት አገር ነው?»

«እማማ፣ የኛ ዜሮ ባዶ ማለት አይደለም። አንድ ሚሊዋት ኃይልን ነው ዜሮ የምንለው። ከሱ ሲያንስ በነጌቲቭ እንቆጥራለን፤ አሥር በወረድን ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛው ይቀንሳል።»

«ባዶ ካልሆነ ለምን ዜሮ አላችሁት?»

ማብራራቱን ሊቀጥል ሲል ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ አማቱ ለጎረቤት «ልጁስ ጨዋ ነው፤ ውጤቱ ነው እንጂ» ይሉ ጀመር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአምቡላንስ ጥሪ ክፍል አቤቱታ መጣ። ሾፌሮቹ በሬዲዮ አድራሻ ሲጠይቁ የሚሰሙት ፉጨት ብቻ ነው። አነፍናፊው መለኪያውንና አንቴናውን መኪና ላይ ጭኖ ወጣ። አንቴናው ወደ ረባሹ ሲዞር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ነጌቲቭ ሰማንያ፣ ነጌቲቭ ስድሳ እያለ መንገድ ለመንገድ መራው። አንድ ጥግ ሲታጠፍ መኪናውን አዘገየ፤ እሑድ እሑድ ለምሳ የሚመጣበት መንገድ ነው።

አንቴናውን ወደ ጎረቤት አዞረ፤ ቁጥሩ ወረደ። ወደ አማቱ ጣሪያ መለሰው፤ ወጣ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። መሣሪያ አማት አያውቅም።

«ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» አሉ አማቱ በሩን ከፍተው።

«ለሥራ ነው እማማ። ከቤትዎ የሚወጣ ሞገድ አምቡላንሶቹን ረብሿል።»

«ከኔ ቤት? እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።»

ጥፋተኛው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተገኘ። ባለፈው ወር የተገዛ የአንቴና ማጉያ ነው። ደካማ ሞገድ ማጉላት ሲገባው ተበላሽቶ የራሱን ይረጫል። አነፍናፊው ሊነቅለው ሲል አማቱ እጁን ያዙት።

«ያላየሁትን ጥፋት አልቀበልም። ተማሪም ብቀጣ ደብተሩን አይቼ ነው።»

መለኪያውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላቸው፤ ነጌቲቭ ሠላሳ ስምንት ይላል። መነጽራቸውን አድርገው ማጉያውን ራሳቸው ነቀሉት፤ ነጌቲቭ ዘጠና ሰባት። መልሰው ሰኩት። ነቀሉት። ሰኩት። በዚህ መሐል ከጥሪ ክፍሉ ተደወለ።

«ፉጨቱ ሄደ ስንል ይመጣል። ምን እየሠራህ ነው?»

«ትምህርት ላይ ነን» አለ አነፍናፊው።

አማቱ በመጨረሻ ሶኬቱን በእጃቸው ይዘው ቀና አሉ። «ረብሻው ሲያንስ ቁጥሩ ወደ ታች ይርቃል። ለረብሻ ደግሞ ማነስ ጥሩ ነው።»

«ልክ ነዎት እማማ።»

«ታዲያ እንዲህ እያሳዩ ያስረዳሉ እንጂ፣ ምሳ ላይ ሚሊዋት ሚሊዋት ይባላል?»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ደረቡና ቀድመውት ወጡ። የጎረቤቱን በር አንኳኩ፤ ያ ሲከፈት ቀጣዩን። «አማቼ ነው፤ ቤታችሁን ይለካል» ይላሉ፤ እምቢ ማለት አይቻልም፣ ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አሥራ ሦስት ቤት ተለካ፤ ሌሎች ሁለት የተበላሹ ማጉያዎችም ተገኙ። አነፍናፊው ከጧት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም፤ አማቱ ግን አሥራ አራተኛው በር ላይ ቆመው ይጠሩታል።