ጠበል ይዞ ከተማ ማቋረጥ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ፋሲካ ማለፉን አውቃለሁ፤ የሚያዝያ መጨረሻ ይሁን ግንቦት ግን እንጃ። ዝናቡ ገና አልጣለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ዓመቱንም ብትጠይቁኝ ከኮሮናው ወዲህ ነው ከማለት በቀር ሌላ ምልክት የለኝም። የማስታውሰው መጸየፌን ነው። እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ የሚጸየፍ ሰው አይደለሁም፤ የዚያን ቀን ግን ይህችን ተወልጄ ያረጀሁባትን ከተማ አንድ በአንድ ተጸየፍኳት።

ታላቅ እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር ነበረች፣ እዚሁ ጉለሌ። ጨው ሲያልቅባት ከአጥሩ ማዶ ትጣራለች፣ እኔም ከአጥሩ ማዶ አቀብላታለሁ። በኋላ የእነሱ ወገን ለልማት ተብሎ ፈረሰና ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ የደረሳትም በከተማው በዚያኛው ጫፍ፣ ትናንት ጤፍ ይታጨድበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። ቤቱ ክፉ አይደለም። ግን ሩቅ ነው። "በመኪና እኮ ምንም አይልም" ይላሉ መኪና ያላቸው። መኪና ላለው ሰው ምን ሩቅ አለ? ለእኔ ግን እሷን ማየት እንደ ክፍለ ሀገር ጉዞ ነው፤ ቀን ይመረጥለታል፣ ስንቅ ይታሰብለታል።

እህቴ ስኳር አለባት። ጠዋት ጠዋት ራሷን በመርፌ ትወጋለች፣ ከዚያ ቶሎ እህል መቅመስ አለባት። ካልቀመሰች ስኳሩ ይወርድና ያንቀጠቅጣታል፣ ላብ በላብ ትሆናለች፤ አንድ ጊዜም ራሷን ስታ ወድቃለች። በዚያ ሰሞን እግሯ አላራምድ ቢላት "የእንጦጦ ማርያምን ጠበል አምጣልኝ" አለችኝ። ጠበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ልጇ መኪና አለው። ለብቻው ተከራይቶ ይኖራል እንጂ እናቱን ይወዳል፤ "አጎቴን ከነጠበሉ በጠዋት አደርስልሻለሁ" ብሎ ቃል ገባላት። እሷም መኪናውን አምና መርፌዋን በሰዓቱ ተወጋች። ጠበሉን ሳልጠጣ እህል ባፌ አይዞርም ብላ ለእመቤታችን ቃል ገባች።

እኔ ገና ሲነጋጋ ዳገቱን ወጥቼ፣ ከጠበልተኛው ጋር ተሰልፌ፣ ጀሪካኔን ሞልቼ ወረድኩ። ሽሮ ሜዳ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የእህቴን ልጅ ጠበቅኩት። ፀሐዩ ወጣ፣ ከፍ አለ፣ እሱ የለም። በኋላ ስልኩን አነሣ።

"አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መኪናዋ አልነሣ አለች። ባትሪው ነው መሰለኝ።"

"አንተ አሁን የት ነህ?"

"ሥራ ገብቻለሁ።"

"በምን ገባህ?"

"በጓደኛዬ መኪና" አለ።

ዘጋሁና ለእህቴ ደወልኩ። "እትዬ፣ እኔ ገና ሽሮ ሜዳ ነኝ፤ መርፌውን ከተወጋሽ ቆየሽ፤ በይ ቅመሺ። ጠበሉን ነገ ጠዋት ትጠጪዋለሽ፣ አይበላሽም።"

"ቃሌንስ? ደግሞ ደርሰህ የለ እንዴ፤ ሽሮ ሜዳ ነኝ አላልክም?"

እሷ ሽሮ ሜዳ ማለት አሁንም ከአጥሯ ማዶ ይመስላታል። የኮንትራት ታክሲ ለመንኩ፤ ሾፌሩ የቦታውን ስም ሲሰማ "ወደዚያ አልሄድም፣ ስመለስ ሰው አላገኝም" ብሎ መስታወቱን ዘጋብኝ። የቀረኝ ሰልፉ ነው። የታክሲው ሰልፍ የሚሠራው "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ተብሎ በቀይ ቀለም የተጻፈበት አጥር ሥር ነው፤ ሰዉም ከጽሑፉ ሥር ይሸናል። የደረቀው ሲግል እንዴት እንደሚሆን ያወቀው ያውቀዋል። ፈቀቅ እንዳልል የእግረኛው መንገድ ላይ መኪና ቆሞበታል። መኪናው እንኳ ጥላ ፈልጎ የቆመው እኛ መሄጃ ላይ ነው።

ታክሲው መጣ፣ ተጋፍተን ገባን።

"ጠጋ ጠጋ በሉ! ወንበሩ አይነክስም!" አለ ወያላው። "አባባ፣ ጀሪካኑን ከእግርዎ ሥር ያድርጉት።"

"ጠበል ነው ልጄ፣ እግር ሥር አይቀመጥም።"

"እንግዲያው ለሾፌራችን ይርጩለት፣ ሰይጣኑ ይልቀቀው!"

"ካንተ ይጀምሩ፣ ያንተው ይጮሃል" አለ ሾፌሩ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ ጀሪካኑን ጉልበቴ ላይ አቅፌ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከፊቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴትዮ ነበረች፤ አንዷ ኮረዳ መስኮቱን ገና ሳብ ስታደርገው፣ "ዝጊው! ነፋስ ይመታኛል" አለቻት።

"እናቴ፣ በሙቀት አለቅን እኮ!"

"ሙቀት ማንን ሲገድል አየሽ? ነፋስ ነው የሚገድል።"

መስኮቱ ተዘጋ። እኔም ነፋስ ስፈራ ያደግኩ ሰው ነኝና አፌን ያዝኩ። በየቤታችን ያስተማሩን ይኸው ነው፤ እሳት ውስጥም ሆነህ መስኮት አትክፈት። የዚህን ያህል ሰው፣ የዚህን ያህል ብብት፣ ያደረ ሽንኩርት የተበላበት ትንፋሽ፣ የነዳጅ ጭስ፣ ሁሉም ተዘግቶብን እንደ ወጥ ፈላን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ላብ በእጅጌዬ በኩል ወደ እኔ ሲያልፍ ይሰማኛል። ቀፈፈኝ። መንገዱም ዝግት ብሏል። ትንሽ እንደሄድን ከኋላ ከረባት ያሰረ ሰውዬ "አውርዱኝ" አለ፤ ሳይወርድ እዚያው አስመለሰው።

ሾፌሩ ዳር ያዘ። ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ይጮሃል። ወያላው ተንጠራርቶ ጀሪካኔን ያዘ። "አባባ፣ ይቺን ውሃ ይልቀቁልኝ፣ ለቅለቅ ላድርገው።"

"ጠበል ነው አልኩህ እኮ!"

"ውሃ ውሃ ነው፣ አባባ!"

ያቺ ነፋስ የምትፈራው ሴትዮ ተነሣች። "እጅህን አንሣ! በእንጦጦ ማርያም ጠበል ትውከት ልታጥብ? አንተ ደረቅ!"

"እሺ እናቴ፣ ቀለድኩ እኮ" ብሎ ለቀቀ። ወረደና ከመንገድ ዳር አፈር በእጁ ዘግኖ በተነበት፣ እኛም እግራችንን አንጠልጥለን ጉዟችንን ቀጠልን። መስኮቱን ግን የከፈተው የለም።

መገናኛ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ታክሲ። ይኼኛው "እስከ መጨረሻው" ብሎ ጫነንና ግማሽ መንገድ ላይ "መጨረሻ! ውረዱ!" አለ።

"ኮንዶሚኒየሙ ገና እኮ ነው" አልኩት።

"የእኛ መጨረሻ እዚህ ነው፣ ፋዘር" አለኝና አዙሮ ሄደ። መንገዱን ቆርጠው ሁለት ጊዜ ነው የሚጭኑት። ሌሎቹ ወጣቶች ናቸው፣ እየተሳደቡ በእግር ተበተኑ።

አዲስ አስፋልት ነው፣ ሰፊ፣ አንድ ዛፍ የለበትም። ፀሐዩ ከላይ፣ ሬንጁ ከታች። ለእህቴ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ቀመስሽ?"

"ማን ልበል?" አለችኝ። ድምፄን ስታው አታውቅም። ምላሷ ተሳስሯል። "እጄ... እጄ እንቢ አለኝ" አለችና ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይነሣም።

ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ጎረቤቱ ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚገባው። ልጇም ስልኩን አላነሣ አለኝ። ለመኪኖቹ እጄን ዘረጋሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ራስ፤ መስታወቱ ተዘግቷል፣ ውስጡ ብርድ ይመስላል። አንዱ ቀስ ብሎ ቀረበኝ፣ ልብሴንና ጀሪካኔን አየ፣ ነዳጁን ረግጦ ሄደ። ለማኝ መስዬው ይሆናል። አቧራውን እየዋጥኩ አየሁት። እውነቴን ነው፣ ሰው መሆኔ አስጠላኝ። ጀሪካኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ጀመርኩ፣ እንደማልደርስም አውቀው ነበር።

ከኋላዬ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ መኪናው መጣና አጠገቤ ቆመ፤ ሽንት ቤት የሚመጥ ቦቴ። ወፍራም ቱቦው እንደ አንጀት ጎኑ ላይ ተጠምጥሟል፣ ጫፉ ያንጠባጥባል።

"አባቴ፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?" አለ ሾፌሩ።

"ኮንዶሚኒየሙ።"

"እኔም እዚያው ነኝ። ሽታውን ከቻሉት ይግቡ።" በሩን ከከፈተው በኋላ ጀሪካኔን አየና እጁን ሰበሰበ። "ጠበል ነው እንዴ?"

"የእንጦጦ ማርያም።"

"እንግዲያስ ይቅር አባቴ። በዚህ ጠበል አይጫንም፣ ለእኔም ለእርስዎም ኃጢአት ነው።"

ልክ ነው። ሥጋዬም ወደ ኋላ ይለኝ ነበር። "እህቴ መርፌ ተወግታ እህል አልቀመሰችም" አልኩት። "ይህን ሳልጠጣ ብላ። አሁን ስልክም አታነሣም።"

በሩን ወለል አደረገው። "ይግቡ" አለ።

ሽታው በአፍ የሚነገር አይደለም፤ ዓይን ያስለቅሳል። ጀሪካኑን በኮቴ ጠቅልዬ አቀፍኩት፣ አፌን በክንዴ ይዤ "እመቤቴ፣ አትቀየሚኝ" እላለሁ። ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ለማንም መንገድ ሳይለቅ ነዳው። ለነገሩ ማንም አልተጠጋንም፤ እነዚያ መስታወት የዘጉት ሁሉ ዳር ዳር ያዙልን። በዕድሜዬ መንገድ የተለቀቀልኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው።

የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ገና ከሩቅ ሲያየን ጮኸ፣ "ሽቶው መጣ! አፍንጫችሁን ያዙ!"

"ያንተኑ ልወስድ ነው የመጣሁት፣ አትኩራ!" አለው ሾፌሩ። "በል ክፈት፣ በሽተኛ አለ!"

ደረጃውን ስጀምር ትንፋሼ ቆመ። ሾፌሩ ጀሪካኑን ላለመንካት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በትከሻው ከበስተኋላዬ እየደገፈ ወደ ላይ ገፋኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። እህቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ቀሚሷ በላብ ርሷል፣ ዓይኗ አያየኝም። ጠበሉን በእፍኜ ቀድቼ አፏ ውስጥ አፈሰስኩላት፤ ዋጠች። ወዲያው ስኳሩን በብርጭቆ በጥብጬ አስጨበጥኳት፣ ዳቦውንም እየቆረስኩ አጎረስኳት። መንቀጥቀጧ ሲበርድ፣ ቀለሟ ሲመለስ፣ እኔ እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሾፌሩ ከደጃፉ አላለፈም። "ተረፉ?" አለኝ፤ "ተርፋለች" አልኩት፤ ወረደ። ቆየት ብሎ ሞተሩ ከታች ሲያጓራ ሰማሁት፣ ሽታውም በመስኮት ገባ።

"ልጄ ይባረክ" አለች እህቴ፣ ዳቦዋን እያኘከች። "በመኪናው ባያደርስህ ዛሬ አልቆልኝ ነበር።"

ልዋሻት አሰብኩ፤ ልጇ ነው፣ ደስ ይበላት ብዬ። አፌ ግን እንቢ አለኝ።

"ልጅሽ አይደለም፣ እትዬ" አልኳት። "ያደረሰኝ የሽንት ቤት መጣጩ ቦቴ ሾፌር ነው።"