ሪዘርቭ ያላት አምቡላንስ

ትእዛዙ የደረሰን ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከአያት ወጣ ብሎ፣ የባቡሩ ሐዲድ ካለቀበት ወዲያ፣ ተሽከርካሪ የምንጠግንበት በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበረን። ሃምሳ አለቃ ወርቁ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አንዲት አሮጌ አምቡላንስ አሳዩን። የቤንዚን ሞተሯ ተቃጥሏል። እኛ የምንሄድበት ግንባር ደግሞ የሚገኘው ናፍጣ ብቻ ነበር።

«ከዚያች ከተመታችው ፒክአፕ የናፍጣውን ሞተር አውጥታችሁ እዚች ላይ ትጭናላችሁ። ቅዳሜ እንወጣለን» አሉ።

ሦስት ነበርን። ሃምሳ አለቃ ወርቁ የጥገና ጓዱ መሪ ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ሹፌሩ ጀማል ከመዝመቱ በፊት ሰሚት ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እኔ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ ነው የዘመትኩት። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ አብዛኛውን ቀን ከመኪና ሥር ተኝቼ አሳልፍ ነበር። እዚያ ማንም አያናግርሽም።

ሞተሩን መጫን የጉልበት ሥራ ነው። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ቦታው ተቀመጠ። የቀረው የነዳጁ መሥመር ነበር፤ እሱ የእኔ ድርሻ ሆነ። የቤንዚኑ ሞተር በአንድ ቀጭን ቱቦ ይጠጣ ነበር። የናፍጣው ግን የተረፈውን ወደ ነዳጅ መያዣው የሚመልስበት ሌላ ቱቦ፣ ውሃ የሚለይ ማጣሪያም ይፈልጋል። ስለዚህ መያዣው ላይ አዲስ ቀዳዳ መክፈትና መበየድ ግድ ሆነ። ሃምሳ አለቃ መያዣውን በሳሙና አጥበው፣ እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሞሉት።

«የቤንዚን ትነት ወዳጅና ጠላት አይለይም» አሉ።

የተከራከርነው የሚስበው ቱቦ ከመያዣው ወለል ምን ያህል ከፍ ይበል በሚለው ላይ ነው። ግንባር ላይ ናፍጣ የሚቀዳው ከበርሜል ነው። አሸዋና ውሃ አያጣውም፤ ያ ሁሉ ወለሉ ላይ ይዘቅጣል። ቱቦው ዝቅ ካለ ቆሻሻውን ስቦ ሞተሩን ያቆመዋል። እኔ ከፍ እንዲል ፈለግሁ። ጀማል አልተስማማም።

«ኢንጂነሯ፣ ከታች የሚቀረውን ናፍጣ ለማን ልታወርሺው ነው?»

«ለአሸዋው» አልኩት።

«እኔ እኮ ባጃጄን ሞልቼ አላውቅም። ከሰሚት አያት በቤንዚን ሽታ ነበር የምነዳው። ሽታውን አትከልክይኝ!»

ሃምሳ አለቃ ሳቁ። «ይሄ ልጅ በሽታ ይነዳል!»

«ይሳቁ፣ ሃምሳ አለቃ። ዳገት ላይ አንድ ሊትር ስንት ሰው እንደሚያወጣ ያኔ ይነግሩኛል።»

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እሱም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ። ዓርብ ጠዋት «ባጃጅህ ሪዘርቭ አላት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሪዘርቭ የሌላት ባጃጅ አለች እንዴ?»

ሁለት ቱቦ ሠራን። አንዱ ከፍ ያለ፣ ለዘወትር። ሌላው ወለሉን ለመንካት ትንሽ የቀረው፣ ለክፉ ቀን፤ ሪዘርቩ እሱ ነው። መገናኛቸው ላይ በእጅ የሚዞር ቫልቭ አስገባሁ፤ በሹፌሩና በረዳቱ ወንበር መካከል። ከዚያ አየሩን አስወጣን። አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ ማጣሪያው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ተጫንኩ። ሞተሩ አስነጠሰና ተነሳ። ጀማል ኮፈኑን እየደበደበ «ሸገር ውስጥ እንደሷ የለችም!» እያለ ጮኸ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። የነዳጁን መሥመር የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ከጀማል ጎን እንድቀመጥ ታዘዝኩ። አያት ላይ ሰዉ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፏል። አንዳንዶቹ አዩን። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ፊታቸውን መለሱ። አልፈረድኩባቸውም፤ ሥራ ይረፍድባቸዋል።

ቁስለኛ የምናነሳው ከአንድ ኮረብታ ሥር ነበር። ስሙን አናውቅም፤ «ቀዩ» እንለው ነበር። ለሳምንታት ተመላለስን። አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አምስት ቁስለኞች ጫንን። ናፍጣ የሚያመጣው መኪና ሁለት ቀን ዘግይቷል። ዳገቱን ጀመርን። ሞርታር ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከጎን። መስታወቱ ረገፈ። ጀማል ጎኑን ያዘ፤ መሪውን ግን አልለቀቀም። አጋማሽ ላይ ሞተሩ ይንተፋተፍ ጀመር።

«ሪዘርቭ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ቫልቩን አዞርኩ። ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። ያዘ። ጫፉ ላይ ወጣን። እዚያ ጀማል ፍሬን ያዘና አቆማት፤ ራሱ መሪው ላይ ወደቀ። ወደ እኔ ወንበር ጎትቼ አስቀመጥኩትና በእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ሐኪሞቹ በር ላይ ስንደርስ ጀማል አልፏል።

ከአምስቱ ቁስለኞች አንዱ ሞተ። አራቱ ተረፉ። ሃምሳ አለቃ ወርቁ ኋላ፣ በሌላ መንገድ ላይ ወደቁ። ከዚያ ግቢ ከወጣነው የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ሰሚት እኖራለሁ፤ ሥራዬ ኦሎምፒያ ነው። የአክስቴ ልጆች ስለ ግንባር ሲጠይቁኝ የማወራላቸው ስለ ቱቦ ነው። ቅር ይላቸዋል። የአራቱን ስም አላወቅሁም። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ የሚያነክስ ወጣት ሲገባ ፊቱን አየዋለሁ። ያየኝ እንደሆነ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። ጀማልን የሚያስታውስ ሌላ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ዝም ብለን አብረን ብንሄድ ይበቃኛል።

ጀማልን በሞተበት በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እንደ እምነቱ ቀበሩት። በማግስቱ ጠዋት ሃምሳ አለቃ አምቡላንሷ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሹፌር እስኪላክልን ትቁም» አሉ።

ቀዩ ሥር የሚጠብቁን ሰዎች እንዳሉ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

«እኔ ልንዳት።»

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?»

«የለኝም።»

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የመስታወቱን ስብርባሪ ከወንበሩ ላይ አራገፍኩ። ሌሊቱን ከደረሰው መኪና ናፍጣ ሞላሁ። ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ ብቻዬን ወደ ቀዩ ሄድኩ።